የሚዞረውና የማይዞረው

ምን ትሠሪያለሽ ለሚለኝ ያገሬ ሰው መልሴ «ዲናሞ እጠቀልላለሁ» ነው። ቃሉ ወዲያው ይገባዋል፤ የማይገባው እኔ መጠቅለሌ ነው። «አንቺ?» ይለኛል እጄን እያየ። እጄ ትንሽ ነው፣ ጣቶቼም ቀጫጭን ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ደግሞ ይኸው ነው። ወፍራም ጣት ያለው ሰው ሮቢንስዴል በሚባለው የከተማ ዳርቻ ያለው ሱቃችን መጥቶ ይሞክርና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከሽቦው ጋር ሲጣላ እናየዋለን።

ሱቁ ጠባብ ነው። ከኋላ ምድጃው፣ ከፊት የሱቁ ባለቤት ጠረጴዛ፣ መሃል ላይ የእኔ ቦታ። የተቃጠለ ዲናሞ ከያለበት ይመጣልናል፤ ከዳቦ ቤት፣ ከመኪና እጥበት፣ ከላም እርባታ። ሽታውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም፤ ያረረ ስኳርና የተቃጠለ ፀጉር አንድ ላይ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው። ብዙ አይናገርም። እኔም ያኔ እንግሊዝኛዬ ብዙ ስላልነበር ተስማማን።

ዲናሞ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ይዞራል፣ ሮተር ይባላል። አንዱ አይዞርም፣ ስታተር ይባላል። የእኔ ሥራ የማይዞረው ላይ ነው። የተቃጠለው መዳብ ተነቅሎ ሲጸዳ ባዶ የብረት ቀለበት ይቀራል። ከሩቅ አንድ ወጥ ብረት ይመስላል እንጂ ቀረብ ብሎ ላየው እንደ ወረቀት የተደራረበ ስስ ላሜራ ነው። በውስጠኛው ዙሪያ ቦይ ቦይ ተቆርጦለታል። መዳቡ ብረቱን እንዳይነካ በየቦዩ ማገጃ ወረቀት አጥፌ አስገባለሁ። ከዚያ የመዳቡን ጥቅል ጥቂት ጥቂት ክር እየለየሁ በጣቴ እከተዋለሁ። መቸኮል የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ወራት ማፍሰሱንም መልቀሙንም በደንብ ተምሬዋለሁ። ቦዮቹ ሲሞሉ አፋቸውን በስስ ሽብልቅ እደፍነዋለሁ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የተረፈውን መዳብ ሹሩባ እንደምሠራ እየጎነጎንኩ በሲባጎ አስረዋለሁ። በመጨረሻ ቫርኒሽ ውስጥ ተነክሮ ምድጃ ይገባል። ሲወጣ ደርቆ አንድ አካል ሆኗል።

ሮተሩ ይህ ሁሉ አይደረግለትም። እሱም የተደራረበ ክብ ላሜራ ነው፤ በውስጡ የአሉሚኒየም ዘንጎች ትንሽ ዘመም ብለው ያልፋሉ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ በቀለበት ይያያዛሉ፣ በቃ። ወደ እሱ የሚገባ ሽቦ የለም። በእሱና በስታተሩ መሃል ያለው ክፍተት የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሞላም፤ ግን አይነካኩም። ከተነካኩ ይፋተጋሉ፣ ዲናሞውም አለቀለት። መብራቱ የሚገባው የማይዞረው ውስጥ ሆኖ ሳለ የሚዞረው ሌላው ነው። ባለቤቱ ነገሩን በእርሳስ እየሳለ አስረድቶኛል፣ ገብቶኛልም። ቢሆንም አዲስ የጠቀለልኩትን ገጥሜ መብራት ስለቅበት፣ ያ ብረት ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ዞር ሲል፣ ዛሬም ድረስ አፌን ከፍቼ አያለሁ።

ማታ ቤት ስገባ ወሬዬም ይኸው ነበር። ለባሌና ለልጄ እራት እያቀረብኩ «ያ የዳቦ ቤቱ ዛሬ ዞረ» እላለሁ። «የእጥበቱ ግን አይዞርም፣ እምቢ አለ።» ባሌ ሻኮፒ በሚባል ጎረቤት ከተማ ካለ መጋዘን ደክሞት ስለሚመጣ ዲናሞ ዞረ አልዞረ ግድ አይሰጠውም። ልጄም ስልኳን እያየች ትበላለች። ትሰማኛለች ብዬ አልጠረጠርኩም።

እውነቱን ለመናገር ሥራ ላይ ስሆን ሱቁ ውስጥ አልሆንም። ጣቴ መንገዱን ስለሚያውቀው ሐሳቤ ይሄዳል። በበረዶው ወራት በመስኮቱ በኩል ያለው ብርሃን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ መሬቱ ራሱ የሚያበራ ይመስላል። ምድጃው ያንጎራጉራል፣ መዳቡ እጄ ላይ ይሞቃል፣ ሰዓቱ ሳይሰማኝ ያልፋል። ባለቤቱ ቀና ብሎ «የት ሄድሽ?» ይለኛል በእንግሊዝኛ። «ቅርብ ነኝ» እለዋለሁ። ልጄ በታመመችበት ዓመት ግን የምሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የእሷ ክፍል።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈራችን ያደገች ናት። እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲህም ሆነን እንግባባለን ብዬ አምን ነበር። ብርዱ ሲጀምር ጉንፋን ይዟት ከረመ። ለቀቃት ስንል አንድ ቀን ጠዋት ለትምህርት ቤት ስትነሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ክፍሉ እየዞረ ነው አለችኝ። ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ይቅበዘበዝ ነበር። አስመለሳት። አባቷ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባት፣ እኔ ጫማ እንኳ በቅጡ አላደረግኩም።

ሐኪሟ ጥሩ ሴት ነበረች፣ ሳትቸኩል ነው ያስረዳችን። ጉንፋኑ ወደ ውስጥ ጆሮዋ ዘልቆ ሚዛን የሚጠብቀውን ነርቭ ጎድቶታል፤ ስለዚህ አንዱ ጆሮዋ ቆመሻል ሲላት ሌላው እየዞርሽ ነው ይላታል። ለሕይወት አያሰጋም። መድኃኒቱ ግን መንቀሳቀስ ነው። አውራ ጣቷን ፊቷ አቁማ፣ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ፣ አንገቷን ቀኝና ግራ ታዙር፤ ያዙራት፣ ትቻለው፣ አእምሮዋ ቀስ እያለ ይለምደዋል። «ከተኛች ግን አይለምደውም» አለች ሐኪሟ። «ብዙ በተኛች ቁጥር መነሳቱ እየከበዳት ይሄዳል።» ይህቺን ቃል ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ውስጥም ሆኜ የምሰማው እሷን ነበር።

ልጄ ተኛች። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሞከረች፣ ከዚያ እምቢ አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ። እኔ ደግሞ መቀመጥ የማላውቅ ሴት ነኝ። ሾርባ ይዤ እገባለሁ፣ ትራሷን አስተካክላለሁ፣ መጋረጃውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ወጥቼ እመለሳለሁ። ሐኪሟ ያዘዘችውን ሥልጠና እንድትሠራ እለምናታለሁ። ቀና ብላ አንገቷን ስታዞር ፊቷ ይገረጣል፣ ታቃስታለች፤ ያኔ በሩ ላይ ቆሜ «አይዞሽ!» እላለሁ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ!» እሷ ወዲያው ታቆማለች፣ ወደ ግድግዳዋ ትመለሳለች። ሌላ ጊዜም እንደዚያው። እንዲያውም ይህን ባልኩ ቁጥር ፊቷ የሚቋጠር ይመስለኝ ጀመር።

ቅናት አደረብኝ ብል ማን ያምነኛል? አባቷ ከሻኮፒ ሲመለስ ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዳንዴም እዚያው ያንቀላፋል። እሱን ትችለዋለች። እኔ ስገባ ትዞራለች። «ምን አደረግኳት?» አልኩት አንድ ቀን መኪና ውስጥ። «ዝም ብለሽ ተያት» አለኝ መሪውን እንደያዘ። «ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው። ትመለሳለች፣ ኢንሻአላህ።» ተረቱን የጠቀሰው ሊያጽናናኝ ነው፤ እኔ ግን ከቤት ሳትወጣ የራቀችኝን ልጅ እያሰብኩ በመስኮት በረዶውን አየሁ።

ክፍሏ ውስጥ የጣሪያ ቬንቲሌተር ነበር። ቤቱን ስንከራየው አብሮ የነበረ ነው። በዚያ ብርድ ማንም አያበራውም፤ ግን ከታች የሚነፍሰው የማሞቂያው አየር ሲነካው ክንፎቹ በጣም በዝግታ ይሄዱ ነበር። ልጄ እሱን ማየት አልቻለችም። ዓይኗን ጨፍናም እንኳ ከላይዋ መኖሩ ይረብሻታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ ሥራ ላይ ሳለ፣ «አውርጂልኝ» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው። ከሰነበተችበት ዝምታ በኋላ ይህቺ አንዲት ቃል ለእኔ ትልቅ ነገር ነበረች።

መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ፣ መሰላል አመጣሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ። ክንፎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፣ ሽቦውን ለያየሁ፣ ከባዱን እምብርት አቅፌ ወረድኩ። አስቤ የነበረው ምድር ቤት ወስጄ ልጥለው ነው። ግን ዲናሞ ሳልከፍት ማለፍ አልችልም፤ አመል ነው። አልጋዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ተቀመጥኩና በካቻቢቴ ብሎኖቹን ማላላት ጀመርኩ። ከመስኮቱ የሚገባው የበረዶ ብርሃን አቧራውን ሳይቀር ያሳያል። ብሎኑ ሲጮህ ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ልጄ ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኔ መልሳ፣ ጉንጯን ትራሱ ላይ እንዳስደገፈች ቁልቁል ታየኝ ነበር።

ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዳላስደነብራት ቀና ሳልል መለስኩላት። «እኛ ሱቅ ያሉት የማይዞረው ውጪ ነው፣ የሚዞረው ውስጥ» አልኳት። «የጣሪያው ግን ግልብጥ ነው። ነይ እይው።» ክዳኑን አነሳሁት። መሃል ላይ፣ ከጣሪያው ይወርድ በነበረው ዘንግ ላይ እንደተሰካ፣ ስታተሩ ቁጭ ብሏል፤ ቦዮቹ ወደ ውጪ ያፈጠጡ፣ መዳቡ ዙሪያውን የተጠቀለለ፣ ቀይ የሚያብረቀርቅ። ውጪው ክዳን ራሱ ሮተር ነው፤ በውስጡ ዙሪያ ላሜራና አሉሚኒየም ታቅፏል፣ ክንፎቹም የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። ኩሽኔታው ገና ጥሩ ነበር። ልጄ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ መዳቡን በጣቷ ነካችው።

«ሶ፣ ውጪው ነው የሚዞረው?» አለች።

«አዎ፣ ውጪው በሙሉ ይዞራል። መሃሉ አይዞርም።»

«አይዞርም» አለች ቀስ ብላ፣ ቃሉን እያላመጠች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ላይክ አይዞሽ።»

«እ?»

«አንቺ የምትይኝ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ኦል ዘ ታይም! አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ! አይዞርሽም ትይኛለሽ። በት ያዞረኛል፣ ማም! ያዞረኛል!»

ካቻቢቴውን ይዤ ቀረሁ። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ፣ ወዲያው ግን ጠፋ። ለካ ልጄ በዚያ ሁሉ ሳምንት አይዞሽን የምትሰማው «አያዞርሽም» ብላ ነው። ክፍሉ ከነጣሪያው እየተሽከረከረባት፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየዞረ አይደለም የምላት፣ ውሸታም ነሽ የምላት መስሏታል። ማንን ልውቀስ? እራት በበላን ቁጥር ዞረ፣ አይዞርም፣ እንዴት ይዞራል እያልኩ ቃሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሕፃን ሆና ስትወድቅም «አይዞሽ» እያልኩ አነሳት ነበር። እሱንም ጠየቅኳት። ያኔ ራስሽን አላዞረሽም፣ ተነሺ ማለት መስሎኝ ነበር አለችኝ፤ ያኔ እውነት ስለነበር አልከፋትም።

አልጋዋ ላይ ወጥቼ አቀፍኳት። «አይዞሽ ማለት እንደሱ አይደለም» አልኩ። ታዲያ ምን ማለት ነው? አትፍሪ ማለት ነው ልል ስል እሱ አይደለም። በርቺ ማለትም አይደለም። ስልኬን አንስቼ ለባሌ ደወልኩለት፤ እረፍት ላይ ነበር፣ ድምፁ እንዲሰማት ከፍ አደረግኩት። «አይዞሽ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት። ከኋላው የመጋዘኑ ጋሪ ሲጮህ ይሰማል። «አይዞሽ ማለት... እንዴ! አይዞሽ ነዋ!» አለ። ልጄ ሳቀች። አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ ሳቋ ራስዋን እያዞራት፣ ትራሱን ጨብጣ ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር!

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የመጣልኝን ነገርኳት። «እንዳመመሽ አውቃለሁ፣ እዚህ ነኝ ማለት ነው» አልኳት። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን ያልኩት ሁሌም ይህንን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ቃሉን መልቀም ያዝን። ዞር በይ፣ ዞሮ መጣ፣ ዙሪያ፣ አዟሪ፣ ነገር አዟዟረ። ልጄ አዲስ ባገኘች ቁጥር ካልጋዋ ትጠራኛለች። የአባቷን ዞሮ ዞሮ ከቤት ስነግራት «ታዲያ ለምን ሰው ሁሉ ይዞራል?» አለችኝ።

ሥልጠናውን እንደገና እንድትሞክር የጠየቅኳት እኔ አይደለሁም። እሷ ናት ያመጣችው። ከቬንቲሌተሩ የወጣውን ስታተር መስኮቷ ጠርዝ ላይ አስቀምጣው ነበር፤ ተኝታ ታየዋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሳሎኑ መሃል በርጩማ አስቀምጣ፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ጠበቀችኝ። አውራ ጣቷ አብሯት ስለሚንቀሳቀስ አልረዳትም፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ትፈልጋለች። «አንቺ ስታተር ሁኚ» አለችኝ። «ተቀመጪ። ዶንት ሙቭ። አታውሪ።»

ለእኔ! መቀመጥ ለማላውቀው፣ ዝም ማለት ላልፈጠረብኝ። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ በዙሪያዬ መሄድ ጀመረች። በዚያን ቀን ጥቂት ሄዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ላብ በላብ ሆና። በማግስቱም ሞከረች። ከዚያ የየቀኑ ሥራችን ሆነ፤ ከሮቢንስዴል ስገባ በርጩማው ይጠብቀኛል። ፊት ለፊቴ ስታልፍ ዓይን ለዓይን እንተያያለን፤ ፊቷ የማላውቀው ሰው ፊት ይሆናል፣ ጥርሷን ነክሳ። ከጎኔ ታልፍና ከኋላዬ ትጠፋለች። ያኔ የማገኛት በጆሮዬ ብቻ ነው፤ ካልሲዋ እንጨቱ ላይ ሲሳብ፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ። እጄ ሊይዛት ይፈልጋል። እጄን ጉያዬ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ብይዛት እንደ ግድግዳው መደገፊያ እሆናታለሁ እንጂ በራሷ አትዞርም፤ ሐኪሟም ያዙራት፣ ትቻለው ብላለች። መስኮቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ በረዶው ይወርዳል፣ ልጄ በሌላው ጎኔ ብቅ ትላለች። አንዳንዴ ነቅቼ እንደሆነ ይጠፋኛል፤ በርጩማው ላይ የቀረሁ፣ ቤቱ ሁሉ በዙሪያዬ የሚሄድ ይመስለኛል። ያኔ ምን እንደምትሆን ትንሽ የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

አንዳንዱ ቀን መጥፎ ነበር። ወደ አልጋዋ የተመለሰችበት፣ በሩን የዘጋችብኝም ቀን አለ። ያን ጊዜ የሐኪሟን ቃል እያሰብኩ ስታተር ስጠቀልል ወረቀቱን ቀድጄ ሁለቴ ነቅዬ ሠርቻለሁ። ባለቤቱ አይቶ ቡና አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ።

በረዶው መቅለጥ የጀመረበት ሰሞን፣ ከጣሪያው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ አንድ ቀን ግድግዳውን ለቀቀች። ክፍሉ መሃል፣ ምንም ሳትይዝ፣ አንገቷን ቀኝና ግራ እያዞረች፣ ዓይኗ ግን ከእኔ ሳይነሳ መሄድ ጀመረች። ፊት ለፊቴ አለፈች። ከጎኔ አለፈች። ከኋላዬ ገባች፤ እዚያም ካልሲዋ ቆመ።

ጠበቅኩ። ትንፋሿን ፈለግኩት፣ አጣሁት። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ብቻ ይሰማል። ልትወድቅ ነው አልኩ፤ ዞር ልል ወገቤ ተነሳ፣ አትንቀሳቀሺ ያለችኝ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለት እጆቼን አጨባብጬ ያዝኩ። ትከሻዬ መንቀጥቀጡን ግን ልገታው አልቻልኩም፣ ከኋላዬ ደግሞ በደንብ ይታያል።

«ያዞረኛል» አለች ልጄ። በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ።

ከዚያ «አይዞሽ እማ» አለችኝ።

ካልሲዋ እንደገና ወለሉ ላይ ሲሳብ ሰማሁ። እኔም እንደታዘዝኩት አልተንቀሳቀስኩም።